ልጆቿን ይዛ የተሳፈረች እናት ምን አጠፋች?

ጥያቄ

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ነው። ትልቋ ልጄ 4 ዓመቷ ሲሆን ትንሹ ገና 9 ወሩ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አጋሮ ያለችውን እናቴን ለመጠየቅ ሁለቱንም ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። የመጀመሪያው መኪና ረዳት ‹ባለ ልጅ አልጭንም፣ ቦታ ይይዛል› ብሎ በሩን ዘጋብኝ። በሁለተኛው ቅጥቅጥ ስሳፈር ለትልቋ የአንድ ሰው ሒሳብ ተጠይቄ ከፈልኩና አጠገቤ አስቀመጥኳት፤ መንገድ ላይ ትርፍ ሰው ሲገባ ግን ረዳቱ ‹እቀፊያትና ቦታውን ልቀቂ› አለኝ። ሁለቱንም ታቅፌ ሳለሁ ትንሹ ሙቀቱ በዝቶበት ማልቀስ ጀመረ። መስኮት እንዲከፈትልኝ ብለምን ‹ብርድ ይመታናል› ተባልኩ። በመጨረሻም ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ‹ዝም ማሰኘት ካልቻልሽ ለምን ወለድሽ? ኮንትራት ይዘሽ አትሄጂም?› ሲለኝ መኪናው ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ አንድም ቃል የተነፈሰ አልነበረም። ለባለቤቴ ብነግረው ‹ሁለተኛ ልጆቹን ይዘሽ አትውጪ› አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው? መመለስ ነበረብኝ ወይስ ዝም ማለቴ ይሻል ነበር?»

ምላሽ

ውድ እኅቴ፣

አላጠፋሽም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ቀሪውን ምክሬን በተሸከምሽው ጥፋተኝነት ሥር ሆነሽ እንዳታነቢው ብዬ ነው። እናትሽን ለመጠየቅ ልጆችሽን ይዘሽ ወጣሽ፤ የተጠየቅሽውን ከፈልሽ፤ የሞቀው ልጅሽ አየር እንዲያገኝ ለመንሽ። ከነዚህ ውስጥ ይቅርታ የሚያስጠይቅሽ አንድም አላገኘሁም።

ደብዳቤሽን ስደጋግም ከስድቡ ይልቅ ልቤን የያዘው «አንድም ቃል የተነፈሰ አልነበረም» ያልሽው ነው። ወደዚያ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን በዚያ ቀን የደረሰብሽን አንድ በአንድ ልለያይልሽ እፈልጋለሁ፤ ሁሉም ባንድ ላይ ሲታሰብ ዓለም በሙሉ የተነሣብሽ ይመስላልና፣ ሲለያይ ግን የትኛው ላይ መከራከር እንደምትችዪ፣ የትኛውንም ማለፍ እንደሚሻል ይታይሻል።

በሩን የዘጋብሽ ረዳት ምን እያሰበ እንደ ነበር መገመት አይከብድም። ብዙውን ጊዜ ሾፌርና ረዳት ለመኪናው ባለቤት የሚያስገቡት የዕለት ገቢ አለባቸው፤ የሚተርፋቸው ከዚያ በላይ የሠሩት ነው። ስለዚህ እናትን ከነአንቀልባዋ ሲያዩ የሚታያቸው ለመሳፈር የምትፈጀው ደቂቃና በልጆቿ ምክንያት የማይጠጋጋው ወንበር ነው። ይህን የምጽፈው ረዳቱን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ ለሕዝብ ማመላለሻ ተብሎ የተሰማራ መኪና ተሳፋሪውን እንደ ገበያ ዕቃ እያገላበጠ ሊመርጥ አይገባውም። በሩ የተዘጋው አንቺን በመናቅ ሳይሆን በስሌት መሆኑን ማወቅሽ ግን ይጠቅምሻል፤ በስሌት የተዘጋን በር መልሶ ማስከፈት የሚቻልበት መንገድ አለ። መናኸሪያ ውስጥ ሳለሽ አቤት የምትዪበት ስምሪት አለ፤ መኪናው የመውጫ ተራውን የሚጠብቀው ከዚያ ነው። የሰሌዳ ቁጥሩን ይዘሽ «ይህ መኪና ልጅ ይዘሻል ብሎ አልጭንም አለኝ» ብለሽ ብትናገሪ መኪናው ገና ቆሞ ስለሆነ ቃልሽ ክብደት ይኖረዋል። መኪናው ከመናኸሪያው በር ከወጣ በኋላ ግን ረዳቱ የሚሰማው ሾፌሩን ብቻ ነው። ለመከራከር ካሰብሽ ከመነሣቱ በፊት ተከራከሪ።

የሒሳቡ ነገር ከሁሉም ይልቅ መብትሽ ጎልቶ የሚታይበት ነው። በታክሲውም ሆነ በቅጥቅጡ ሁላችንም የምናውቀው ልማድ አለ፤ የታቀፈ ልጅ አይከፍልም፣ የከፈለ ልጅ ይቀመጣል። ረዳቱ ለልጅሽ ሒሳብ ሲቀበል ወንበሩን ሸጦላታል። መንገድ ላይ መልሶ ለሌላ ሰው ሲሰጠው አንዱን ወንበር ሁለት ጊዜ ሸጠው ማለት ነው፤ ይህን ድፍረት ብቻ ብዬ አላልፈውም፣ ከአራት ዓመት ሕፃን ላይ የተወሰደ ገንዘብ ነው። ሌላ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ ድምፅሽን ከፍ ሳታደርጊ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማሽ ግን አጥርተሽ «የልጄን ሒሳብ ተቀብለሃል፤ ወይ ገንዘቡን መልስ፣ ወይ ወንበሯን ተውላት» በዪው። ሌላው ተሳፋሪ የሚገባውና የሚደግፍሽም በዚህ ነው፤ ነገ ወንበሩ ድጋሚ የሚሸጥበት ሰው እርሱ ሊሆን ይችላልና።

በዚያ ላይ የተጠጋጋ መኪና ለልጅ አደጋ ነው። መኪና በፍጥነት ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ፍሬን ሲይዝ፣ በሰላሙ ጊዜ በአንድ ክንድሽ የምታባብዪው ሕፃን የማንም እናት ክንድ ሊይዘው የማይችል ክብደት ይሆናል። ሁለት ልጆች ታቅፋ በትርፍ ሰው መካከል የተጣበቀች እናት ደግሞ ፊት ለፊቷ ያለውን ብረት የምትይዝበት እጅ እንኳ የላትም። ስለዚህ ሞተሩ ላይ ወይም ከመስታወቱ ፊት ለፊት «እዚህ ይመችሻል» ሲሉሽ እሺ አትበዪ፤ ቦታው ይሞቃል፣ ፍሬን ሲያዝም መጀመሪያ የሚወረወረው እዚያ ያለው ነው። ከኋላውም የመጨረሻው ረድፍ ስለሚያንገጫግጭ ለልጅ አይሆንም። መሐል አካባቢ፣ መስኮት ዳር ያለውን ያዢ፤ ይህን ለማግኘት ግን ቀድመሽ መድረስ ይኖርብሻል፤ ሁለት ልጅ ላላት ሴት ይህም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የመስኮቱን ጠብ በደንብ አውቀዋለሁ፤ በዚህ አገር መኪና የተሳፈረ ሁሉ ያውቀዋል። «ብርድ ይመታናል»፣ «ምች ይይዘናል» የሚሉት ሰዎች ክፉ ሆነው አይደለም፤ ከልባቸው ስለሚፈሩ ነው። ጅማ ደግሞ ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናቡ ስለማያባራ መስኮት መዝጋት ልማድ ሆኖ ይቀርና በጠራራ ፀሐይ እንኳ አይከፈትም። ይሁን እንጂ የ9 ወር ሕፃን የሰውነቱን ሙቀት እንደ ትልቅ ሰው መቆጣጠር አይችልም። ጃኬት ለብሶ ለተቀመጠው ሰው ለብ ያለ አየር የሆነው ነገር በአንቀልባና በሹራብ ለተጠቀለለው ልጅ እሳት ነው። ልቅሶው ያለው ቃል እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ሞቆኛል፣ ጠምቶኛል፣ አልተመቸኝም የሚልበት ሌላ ቋንቋ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ዘዴ ልንገርሽ። «መስኮት ክፈቱ» ብለሽ ለመኪናው ሁሉ ስትጠይቂ መልሱን የሚሰጠው ብርድ የሚፈራው ሰው ነው። መስኮቱ አጠገብሽ ከሆነ ግን «ሁለት ጣት ያህል ብቻ ልክፈተው፣ ነፋሱ ወደ እርስዎ እንዳይመጣ በነጠላዬ እጋርደዋለሁ» ብለሽ ከኋላሽ ላለው ሰው ብቻ ንገሪ። ለአንድ ሰው፣ ልክ ተነግሮለት የቀረበ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይከለከልም። ሕፃኑን ከመሳፈርሽ በፊት አጥቢው፤ መኪናው ሲንቀሳቀስም ካለቀሰ ነጠላሽን ጣል አድርገሽ ብታጠቢው የማንም ፊት ሊያሳፍርሽ አይገባም። ልብሱን አንድ ሁለት ደረብ አቅልይለት። ለትልቋ ደግሞ ባዶ ፌስታልና እርጥብ ጨርቅ ያዢላት፤ መኪና የሚያጥወለውላቸው ይበልጡን ከሁለት ዓመት በላይ ያሉ ልጆች ናቸውና፣ ሆዷን ሳትሞዪ ደረቅ ዳቦ ቢጤ ሰጥተሽ፣ ወደ ፊት ርቃ እንድታይ አድርጊያት።

አሁን ወደዚያ ሰው ልምጣ። «ለምን ወለድሽ» የሚለው ቃል ከባድ ነው። በዚሁ ከተማ የወለደችን ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ወይም «እንኳን አላህ በሰላም አገላገለሽ» ብሎ ገብቶ ገንፎ የቀመሰ ሰው፣ ያው ልጅ ዘጠኝ ወር ሲሞላው መኪና ውስጥ ቢያለቅስ እንዴት እንደ ባዳ እንደሚያየው ሳስብ ያመኛል። ምናልባት ሰውየው የታመመ ሰው ሊጠይቅ እየሄደ ይሆናል፣ ምናልባት ሌሊቱን አልተኛም፤ አላውቅም። ቢሆንም የእርሱ ድካም የአንቺን እናትነት ለመመርመር ፈቃድ አይሰጠውም። «ኮንትራት ያዢ» ማለትም 45 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚርቀው አጋሮ መኪና ለብቻሽ ተከራዪ ማለት ነው፤ ልጅ የወለደ ሁሉ ወይ ባለጸጋ ይሁን ወይ ቤቱ ይቀመጥ እንደ ማለት ይቆጠራል።

መመለስ ነበረብሽ ወይ ላልሽው፦ ዝም ማለትሽ ጥፋት አልነበረም። ሁለት ልጅ ታቅፈሽ ከማታውቂው ሰው ጋር መጣላት አደጋ አለው፤ በዝምታሽ ልጆችሽን ጠብቀሻል። ነገር ግን ከዝምታና ከጠብ መካከል ሌላ መንገድ አለ። ስድቡን ትተሽ ለሰውየው ሥራ ስጪው፦ «ጋሼ፣ ልጁ ሞቆት ነው የሚያለቅሰው፤ አጠገብዎ ያለውን መስኮት ትንሽ ቢከፍቱልኝ ዝም ይላል።» «እርስዎ» ማለትሽ መሸነፍ አይደለም። የተከበረ ሰው ራሱን መልሶ ለማግኘት ዕድል ያገኛል፤ ባያገኝ እንኳ ልጁ ለምን እንደሚያለቅስ የሰማው የቀረው ተሳፋሪ ነገሩን በሌላ ዓይን ያየዋል።

የቀረው ተሳፋሪ ብዬ እዚያው ደረስኩ። ከብዙ ዓመታት በፊት ከሊሙ ገነት ወደ ጅማ ስመጣ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት መንገድ ላይ ተሳፈረች። ረዳቱ ቆመሽ ሂጂ አላት፤ ልጇ ሲያለቅስ ደግሞ ከፊት የተቀመጡ ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። እኔ ወንበር ነበረኝ። በጊዜው ልጅ አልነበረኝም፣ ጤነኛ ነበርኩ፣ ዕቃም አልያዝኩም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሴቲቱ ከምትሄድበት ገና አልደረሰችም ብዬ በምጠረጥርበት ቦታ «ወራጅ አለ» ብላ ዝናቡ ውስጥ ወረደች። በአንቀልባው ላይ የደረበችው ነጠላ ሲረጥብ በመስታወቱ አየኋት። ሌላው ሰው ይነሣላታል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ እንደኔው ሁሉም ሌላውን ይጠብቅ እንደ ነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ይህን የምነግርሽ በዚያ ቅዳሜ ዝም ያሉት ሰዎች ሁሉ ከሰዳቢው ጋር እንደ ነበሩ አድርገሽ እንዳትቆጥሪ ነው። አብዛኞቹ አፍረው ይሆናል፤ አንዳንዶቹም ቤታቸው ገብተው ሲያስቡሽ አምሽተው ይሆናል። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ለሁሉም አትናገሪ፤ አንድ ሰው ምረጪ። በአጠገብሽ ያሉትን እናት «እማማ፣ ይህችን ልጅ ለአፍታ ይያዙልኝ» በያቸው። ወጣቱን «ወንድሜ፣ ቦርሳዬን አንሣልኝ» በዪው። በስሙ ባይጠራም በ«እማማ» ወይም በ«ወንድሜ» የተጠራ ሰው እንደ ሕዝብ ዝም ማለት አይችልም፤ ተጠርቷልና ይመልሳል። ይህ ደግሞ ለጅማ እንግዳ ነገር አይደለም። በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ታኢ» (ነይ፣ ተቀመጪ) ብለው ሳያውቁሽ ቦታ የሚለቁልሽ፣ ልጅሽን ከእጅሽ ተቀብለው እስክትወርጂ የሚያስቀምጡልሽ ሰዎች በዚህ ከተማ ሞልተዋል፤ አንቺም በሌላ ቀን አይተሻቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ገጽ ከምታነቡት መካከል እንዲህ ባለ መኪና ውስጥ ዝም ያላችሁ ካላችሁ፣ ሰዳቢውን መገሠጽ ይከብዳችሁ ይሆናል፤ አይፈረድባችሁም። ለእናቲቱ ግን «ልጁን ልያዝልሽ?» ማለት ከማንም አያጣላም፤ አንድ ሰው ይህን ሲል መኪናው ውስጥ ያለው አየር ወዲያው ይለወጣል።

ስለ ባለቤትሽ። «ሁለተኛ ይዘሽ አትውጪ» ያለሽ በአንቺ ላይ የደረሰው ስላንገበገበው መሆኑን አምናለሁ። ቢሆንም ፍርዱ የወደቀው በተሰደበችው ላይ ነው፤ ሰዳቢው እንደ ልቡ ይሳፈራል፣ አንቺ ትታሰሪያለሽ። ደግሞስ እንዴት ይቻላል? ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ9 ወሩና በ15 ወሩ ለክትባት ጤና ጣቢያ መቅረብ አለበት። ትንሹ ልጅሽ አሁን የኩፍኝ ክትባቱን የሚወስድበት ወር ላይ ነው። ማን ሊወስደው ነው? የእናትሽስ ዓይን የልጅ ልጆቿን በፎቶግራፍ ብቻ እንዲያይ ይፈረድበታል?

ሕጉም ቢሆን ሸክሙን ባንቺ በኩል አስቀምጦታል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት፣ አባት ደግሞ 3 ቀናት ፈቃድ ያገኛሉ። ልዩነቱ ከወሊድ የሚያገግመው የእናት አካል ስለሆነ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን ሦስቱ ቀን ካለቀ በኋላ ብዙ አባቶች ልጅ ይዞ መንገድ መውጣት የእነርሱ ድርሻ እንዳልሆነ አድርገው ይቀራሉ። በጅማ መንገድ ላይ ሕፃን ታቅፎ ታክሲ የሚጠብቅ አባት ካየሽ ምን ያህል ጊዜ ሆነሽ? ስለዚህ ለባለቤትሽ ይህን ንገሪው፦ «አትውጪ አትበለኝ፤ አብረኸኝ ውጣ።» ከሰው ጋር እንዲጣላልሽ አይደለም። ትልቋን እርሱ ይያዛት፣ ሒሳቡን እርሱ ይክፈል፣ መስኮቱንም እርሱ ይጠይቅ። አንድ ቅዳሜ እንኳ አብሮሽ አጋሮ ደርሶ ቢመለስ የነገርሽውን በዓይኑ ስለሚያየው፣ ሌላ ጊዜ የሚመክርሽ ምክር የተለየ ይሆናል። ሥራ የሚይዘው ከሆነ ደግሞ እስከ መናኸሪያው ይሸኛችሁ፤ መኪናው እስኪነሣ ድረስ ቆሞ ያሳፍራችሁ። ረዳት ሸኚ ያላትን ሴት ወንበር መልሶ ለመሸጥ ያመነታል፤ ይህ መሆን ያልነበረበት እውነት ነው፣ እስኪለወጥ ድረስ ግን ተጠቀሚበት።

መናኸሪያ ማልደሽ ብትደርሺም ይሻላል፤ ጠዋት ሙቀቱም ግፊያውም ይቀላል። ከተሳፈርሽ በኋላ የሰሌዳ ቁጥሩን ስልክሽ ላይ ጻፊው። መንገድ ላይ ትርፍ ሲጫን የትራፊክ ፖሊስ መኪናውን ቢያስቆም፣ ረዳቱ «ጎንበስ በሉ» ቢልም አንቺ ልጆችሽን ይዘሽ ቀና ብለሽ ተቀመጪ፤ ስትጠየቂም እውነቱን ተናገሪ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እርሱም የአራት ዓመቷ ልጅሽ ነገር ነው። በደብዳቤሽ ስለ እርሷ የጻፍሽው ስለ ወንበሯ ብቻ ነው። ነገር ግን እርሷም እዚያው ነበረች፤ «ለምን ወለድሽ» ሲባል ሰምታለች፣ ከወንበሯ ስትነሣም ያጠፋችው ነገር ያለ መስሏት ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ትልልቆች ሲቆጡ ምክንያቱን ራሳቸው ላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ስታስተኛት ስለዚያ ቀን አንሽላት። ወንበሩ የእርሷ እንደ ነበር፣ ሒሳቧን ከፍለሽላት እንደ ነበር፣ ያ ሰውዬ መጥፎ ነገር እንደ ተናገረና አንቺ ግን እርሷንም ወንድሟንም በመውለድሽ ደስተኛ እንደ ሆንሽ በራሷ አማርኛ ንገሪያት። ከዚያ አያቷ ጋ መቼ እንደምትሄዱ ቀኑን ቁረጡ፤ በዚያ ቀን መስኮት ዳር የምትቀመጠው እርሷ እንደ ሆነች አሁኑኑ ቃል ግቢላት።